አሥር ቀን በጥላ

እየሮጥኩ ነበር። የብርጭቆ ቱቦውን በጋዋኔ እጥፋት ሸፍኜ ከላቦራቶሪው በር እስከ ፀሐይ መሞቂያው ሰገነት ያለውን ሁለት መቶ እርምጃ በሩጫ ስጨርሰው፣ የአንዲት ባዝራ አላቢ ባልዲ በእግሬ መትቼ ኖሮ ከኋላዬ የእርግማን መዓት ወረደብኝ። ዞር ብዬ ይቅርታ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

«ቁሚ!»

ዋናው ሐኪም ሮዲዮን ሳቭቪች ነው። ከደረጃው አናት ላይ በአንድ እጁ የኪስ ሰዓት፣ በሌላው የደወል ገመድ ይዞ ቆሟል። ከኋላው አርባ ወንዶች እስከ ወገባቸው ተራቁተው በአርባ አልጋ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። በየሩብ ሰዓቱ ደወሉን ይመታና «ጀርባ!» ወይም «ደረት!» ይላል፤ አርባውም አንድ ላይ ይገለበጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1957 ሐምሌ ነበር፤ ከጀርመን ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነውም እሱ አሁንም ሻለቃ ነበር።

«ወዴት ነው ጓድ ላቦራቶሪ?» ሰውን በሥራው እንጂ በስሙ አይጠራም። ስሜ ኡልዣን መሆኑን ያውቅ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

«ዶክተር ኤማን ፈልጌ ነው፣ ጓድ ዋና ሐኪም።»

«የደበቅሽው ምንድን ነው?»

«ሽንት ነው።»

ከአልጋዎቹ ሳቅ ተነሣ። «ለሽንት እንዲህ የሚሮጥ ባለቤቱ ነበር!» አለ አንዱ።

«የማን ሽንት?»

«የዱይሰን።»

ይህን ጊዜ ሰገነቱ በሳቅ ተናጋ። ዱይሰን ከረድፉ መጨረሻ ላይ ተኝቷል፤ ስሙ ሲጠራ ቀና አላለም።

አቅ-ቃይን የሳንባ ሕሙማን የሚታከሙባት ቦታ ነበረች። በሰሜኑ የካዛኮች ሜዳ፣ ነጫጭ ዛፎች መካከል። ሕክምናውም የታወቀ ነው፤ በቀን ሦስት ሊትር ኩሚስ፣ ማለት የቦካ የባዝራ ወተት፤ ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይ፤ በማንኪያ የዓሣ ዘይት፤ በሳምንት ሁለቴ ደግሞ የካልሲየም መርፌ። እኛ የአገሩ ልጆች ይህን ለመጠራጠር አልተፈጠርንም። ሐኪም የሚባል ፍጥረት ወደ ሜዳው ብቅ ሳይል በፊት አያቶቻችን ሳል የያዘውን ሰው ባዝራ ሥር አስተኝተው ያድኑ ነበር። ብዙ ሰው ከስቶ መጥቶ ጉንጩ ሞልቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ፀሐይና ባዝራ ጠላት ይሆናሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዱይሰን ግን በግንቦት መጥቶ በሐምሌ ደረቀ። የሠላሳ ስምንት ዓመት የፈረስ ጠባቂ ነው፤ የጋራ እርሻው ሁለት መቶ ፈረሶች በእጁ ነበሩ። በጦርነቱ ትከሻውና ጭኑ ላይ ቆስሏል። በራጅ ሁለቱም ሳንባዎቹ ሥር ጥላ ታይቶ ነው የተላከልን። ከመጣ ጀምሮ ይጠማዋል። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ እንደገና ይጠማዋል። ኩሚሱን ያስመልሰዋል። ሆዱ ይደርቃል። በኋላ አእምሮው መሳት ጀመረ፤ እኔን በሞተች ሚስቱ ስም ጠራኝ፣ አልጋው ላይም ሸና። ሮዲዮን ሳቭቪች ጉዳዩን በደቂቃ ጨረሰው፤ «ውሃ ሆዱን እየሞላ ኩሚሱን ያስወጣል» አለና የውሃውን በርሜል በጓጉንቸር ዘጋው። ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው ብሎ።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ጨዋታ አገኙ። አንድ ስኒ ውሃ ከፍ አድርገው ይይዙና «እንደ ፈረስ አሽካካና እንሰጥሃለን» ይሉታል። ዱይሰን ያሽካካል። ያውም አሳምሮ። ሁለት መቶ ፈረስ ያዘዘ ሰው ለአንድ ጉንጭ ውሃ በአራት እግሩ ሆኖ ሲያሽካካ በላቦራቶሪው መስኮት አየሁ። ሳቅሁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፈው ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሳቅሁ። ያም አልበቃ፤ ነርሷ ለወሊድ ሄዳ ስለነበር የካልሲየሙን መርፌ በደም ሥሩ የምወጋው እኔው ነበርኩ። ፈሳሹ ሲገባ እስከ እግር ጥፍር ያቃጥላል። «በእሳት አጠብሽኝ እኮ» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ለርስዎው ጤና ነው፣ አጋ» እለዋለሁ። አጋ ማለት ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። በዚያ አፌ ነው እንግዲህ ወንድሜ የምለው።

ሁሉን ሲረሳ ያልረሳው አንድ ነገር ቢኖር ልጁን ራቢጋን ነው። ሚስቱ ሞታ ከስድስት ዓመት ልጁ ጋር ብቻውን ይኖር ነበር። ባለፈው መኸር የወረዳው ሐኪም «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ወይ ልጅቷን ከቤትህ አውጣ ወይ አብረሃት ተቀበር» አለው። እኛ ዘንድ ልጅ ለዘመድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሲሰጥ በወግ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ተቀባዩ የበጉን ቅልጥም ለልጁ ያስጨብጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የተቀባዩ ነው። መልሱልኝ ያለ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ሲሞት እንኳ ለቀብሩ የሚመጣ አያገኝም። ዱይሰን ራቢጋን ልጅ ለሌለው ለታላቅ ወንድሙ ለካይዳር የሰጠው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዴም አላቀፋት። ሁለት ጊዜ መጥታ ከአጥሩ ማዶ ሆና ነው ያያት። «መልሼ አልወስዳትም፤ እሱ አልቋል» ይለኝ ነበር። «ድኜ አንዴ ያለ ፍርሃት ልስማት። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

ዶክተር ኤማ ካርሎቭና ሳቁን ሰምታ ከሰገነቱ ጥግ መጣች። በጦርነቱ ጊዜ ከቮልጋ ወንዝ ዳር በከብት ፉርጎ ተጭነው እኛ አገር ከተራገፉት ጀርመኖች አንዷ ናት። ነጩን ጋዋን መልሳ እንድትለብስ የተፈቀደላት ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ጠዋት የዱይሰንን ጠባሳዎች አይታ ነበር። የቆዩት የጦር ቁስሎቹ አብጠው ወይን ጠጅ መስለዋል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ያኔ ነው ወደ እኔ መጥታ «ሽንቱ ላይ ይህን ፈሳሽ ጠብ አድርጊ። ቀጭን ዳመና ከሆነ ተይው። ወተት ከመሰለ ግን ሮጠሽ ነይ። የደሙንም ካልሲየም ለኪው» ያለችኝ።

ቱቦውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ነበር።

«ደሙስ?»

«አሥራ አምስት ነጥብ ሁለት። ሁለት ጊዜ ለካሁት።»

«ከአሥራ አንድ ማለፍ የለበትም ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ወደ ሮዲዮን ሳቭቪች ዞረች። «ጓድ ዋና ሐኪም፣ ይህን ሰው አሁኑኑ ከፀሐይ ያውጡልኝ። ኩሚሱ፣ የዓሣ ዘይቱ፣ መርፌው ይቁም። ውሃ ይሰጠው። ካልሲየም ደሙን ሞልቶታል፤ ኩላሊቱንም አእምሮውንም እየገደለው ነው።»

«አንቺ ደግሞ» አለ ሰዓቱን እያየ፤ «ፀሐይን ልትከሺ መጣሽ?»

«ሳንባ ነቀርሳ ላይሆን ይችላል ነው የምለው። ኡልዣን አክታውን አሥራ ሰባት ጊዜ መርምራ አንድ ተሕዋስ አላገኘችም።»

«ሌባ አልተያዘም ማለት ሌባ የለም ማለት አይደለም።»

«ሳርኮይዶሲስ የሚባል በሽታ አለ። ሳንባው ላይ፣ ቆዳው ላይ፣ ጠባሳው ላይ ሳይቀር ጥቃቅን እባጭ ያበቅላል። በራጅ ሲታይ ነቀርሳ ይመስላል። መነሻውን የሚያውቅ የለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይሄድም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ግን ፀሐይና የዓሣ ዘይት ሲያገኝ ሰውነቱ ካልሲየምን ያለ ልክ ይሰበስባል። ሌላውን የሚያድነው እሱን ይመርዘዋል። ተማሪ ሳለሁ አንድ አይቻለሁ።»

«አንድ አይታለች!» አለ ወደ አልጋዎቹ። እንደተለመደው ሳቁለት።

«ኮርቲዞን የሚባለውን መድኃኒት ይስጡኝ። አሥር ቀን ይበቃኛል። ካልሲየሙ በካንሰር ወይም በአንገት ዕጢ የመጣ ከሆነ ንቅንቅ አይልም። በሳርኮይዶሲስ የመጣ ከሆነ ይወርዳል።»

«እኔ ትክክል ከሆንኩስ? ነቀርሳ ከሆነስ?»

ኤማ ካርሎቭና ቱቦውን መልሳ ወደ እኔ ዘረጋች። ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ።

«መልሽ እንጂ።»

«ኮርቲዞን ነቀርሳን ያቀጣጥለዋል። ይሞታል።»

ሮዲዮን ሳቭቪች ፈገግ አለ። ኮርቲዞኑ በካዝናው ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ሹማምንት የጉልበት ሕመም ነው የተቀመጠው። ግን አሰላው። ሰውየው ከዳነ አቅ-ቃይን አንድ የዳነ ሰው አገኘች። ከሞተም የሚጠየቅ ሰው ተገኘ። «ትፈርሚያለሽ» አላት። «ከሞተ ገዳዩ አንቺ ነሽ፤ ያመጣሽ ፉርጎ ደግሞ ሐዲዱ ላይ አለ። እሱም ይፈርም።»

እሷ ፈረመች። ዱይሰንን ደግፈን አስቀመጥነውና ብዕሩን አስያዝነው። ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ በትልልቅ ፊደል «ራቢጋ» ብሎ ጻፈ።

«ሕፃኗም ፈረመች!» አለ ዋናው ሐኪም፤ ደወሉንም መታ። «ደረት!» አርባው ሳይሆኑ ሠላሳ ዘጠኙ ተገለበጡ።

ከጋጣው ጀርባ ባለ ጨለማ የዕቃ ቤት ውስጥ አስተኛነው። መስኮቱን በሱፍ ምንጣፍ ጋረድኩ። ውሃውን በየሰዓቱ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ስኒውን ሳቀርብለት ሊያሽካካ አፉን ከፈተ። «አያስፈልግም፣ አጋ፤ ዝም ብለው ይጠጡ» አልኩት። አላመነኝም፤ አሽካክቶ ነው የጠጣው።

በሦስተኛው ቀን አተኮሰው። ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ። ኤማ ካርሎቭና ደረቱን ስታዳምጥ ፊቷ አመድ መሰለ። ተሳስታ ከሆነ ነቀርሳው ሊቀጣጠል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሮዲዮን ሳቭቪች በሩ ላይ መጥቶ የሙቀት መለኪያውን አነበበና ምንም ሳይል እያፏጨ ሄደ።

«ሻንጣዬ ድሮም ትንሽ ናት» አለችኝ ኤማ ካርሎቭና። «ለማሰር አታስቸግርም።»

«እናቁመው እንዴ?»

«አሁን ካቆምነው ሞቶም ምንም ሳናውቅ እንቀራለን። ቀጥይ።»

ትኩሳቱ የመጣው ከጉሮሮው ኖሮ በአምስተኛው ቀን ለቀቀው። በየጠዋቱ ደሙን ቀድቼ ብቻዬን እለካለሁ። በአራተኛው ቀን አሥራ አራት ነጥብ ስድስት ነበር። ይህን ያህል መውረድ የእጅ ስህተትም ሊሆን ይችላል። በስድስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ይህ ስህተት አይደለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን እንደ ሕፃን ዘለልኩ። በሰባተኛው ቀን ውሃ ይዤ ስገባ ዱይሰን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ዓይኖቹ ጠርተዋል። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«አወቅሁሽ» አለኝ። «መርፌዋ ነሽ።»

«አዎ አጋ።»

«በመስኮትም ትስቂብኝ ነበር።»

አእምሮው ሲመለስ ይህም አብሮ እንደሚመለስ አላሰብኩም ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ስኒውን ተቀብሎ ጠጣ፤ ባዶውንም መለሰልኝ፤ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

በአሥረኛው ቀን አሥር ነጥብ አንድ ሆነ። የጤነኛ ሰው ደም ነው። ኤማ ካርሎቭና ቁጥሩን ከእጄ ነጥቃ እየሮጠች ገባች። የሃምሳ ዓመት ሴት ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ዱይሰን! ነቀርሳ አይደለም! ተረጋገጠ። ሳርኮይዶሲስ ነው። ኪኒን ትወስዳለህ፣ ከፀሐይ ትሸሻለህ፣ ትኖራለህ!»

«ወደ ሰው አይተላለፍም?»

«በጭራሽ።»

«ልጅ ባቅፍ?»

«አሥር ልጅ እቀፍ!»

ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር እንደ ጥላ መጣበት። «ባለፈው መኸርስ?» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ጥያቄው ገባኝ። ኤማ ካርሎቭናን ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ደስታ አሳውሯታል።

«ባለፈው መኸርም! መቼም አይተላለፍም ነበር። መቼም ነቀርሳ ይዞህ አያውቅም!»

ዱይሰን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አላለቀሰም። ሲያለቅስ ብሰማው ይሻለኝ ነበር። እዚያው መስኮቱን የጋረደውን ሱፍ ምንጣፍ በጥፍሩ ይነጭ ጀመር።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ ዶክተሯ ወደ ውጭ ስጎትታት። ነገርኳት። ቅልጥሙን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ካይዳርን፣ አጥሩን። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች።

ወደ ማታ ግድም ጠራኝ። «ስሚ፣ ልጄ። ካይዳር ይህን ከሰማ ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። በሩን ባንኳኳሁ ቁጥር ልጄን ሊወስድ መጣ ይላል። ሚስቱም ልጅቷን ትደብቅብኛለች። ልጅቷስ? አድጋ፣ ያለ ምክንያት ነው የሰጠኸኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ነቀርሳ ምክንያት ነው። የተከበረ ምክንያት ነው። ሳንባ ነቀርሳ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«አይሆንም» አለች ኤማ ካርሎቭና ከበሩ። «ያንን ይዘህ ብትሄድ የሚቀጥለው ሐኪም መልሶ ፀሐይ ላይ ይጥልህና ይገድልሃል።»

ክርክሩን የፈታው ሮዲዮን ሳቭቪች ነው፤ ለማንም ብሎ ሳይሆን ለራሱ። በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት መሸኛ ይዞ መጣ። «የሁለቱም ሳንባዎች ነቀርሳ፤ በኩሚስና በፀሐይ ሕክምና የዳነ» ይላል።

«ይህ ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች ኤማ ካርሎቭና። «በርስዎ ፀሐይ ሊሞት ነበር!»

«አቅ-ቃይን የምትታወቀው በምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» አላት። «አንቺም ከፊርማሽ ወጥተሻል፤ ምን ጎደለብሽ? አመስግኚ።»

ዱይሰን እጁን ዘርግቶ መሸኛውን ተቀበለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጓድ ዋና ሐኪም» አለው። ውሃ የከለከለውን ሰው። ሮዲዮን ሳቭቪች ምስጋናውን እንደሚገባው ወሰደና ሄደ። ኤማ ካርሎቭና እውነተኛውን በሌላ ወረቀት በእጇ ጽፋ ከኪኒኑ ጋር ሰጠችው፤ የበሽታውን ስምም እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ያንን አጣጥፎ ቡትስ ጫማው ውስጥ ከተተው።

ካይዳር በሦስተኛው ቀን በጋሪ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ደግ ሰው ነው። ልጠላው ፈልጌ አልቻልኩም። ራቢጋን አምጥቷታል። ቀይ ጥብጣብ ታስሮላታል፤ ጋሪው ሳይቆም ዘላ ወረደችና የካይዳርን ሱሪ ያዘች።

«እስቲ እያት!» አለ ካይዳር። «የተማሪ ልብስ ገዛንላት። ምን አሉህ ታዲያ፣ ወንድሜ?»

ዱይሰን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ዘረጋለት። ካይዳር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ዳነ! በባዝራ ወተት ዳነ! እንኳን ሰማኸኝ፣ እንኳን ልጅቷን አተረፍናት! ያኔ አብራህ ብትሆን ዛሬ…» አልጨረሰውም።

«አዎ» አለ ዱይሰን። «ደግ አደረግን።»

«ሂጂ ራቢጋ፣ አጎትሽን ሳሚ! ድኗል እኮ!»

ልጅቷ የካይዳርን ሱሪ ለቀቀች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሄደች። ፊቷን ቀና አድርጋ ጉንጯን አዘጋጀች፤ ትልልቅ ሰዎችን እንዲህ ነው የምትስመው። ከአጠገባቸው ቆሜያለሁ። የሰውየውን ደም በእጄ ለክቻለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሱ ይልቅ ለልጅ የማያሰጋ ሰው አልነበረም።

ዱይሰን እጁን ዘርግቶ አስቆማት፤ ወደ ኋላም ሁለት እርምጃ አፈገፈገ።

«ተይ የኔ ልጅ» አላት። «በሽታዬ እንዳይዝሽ።»

ከዚያ ከካይዳር ጎን ሳይሆን ከጋሪው ኋላ፣ ከተጫነው ሣር ላይ ወጥቶ ጀርባውን ለልጅቷ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ካይዳርም ፈረሱን መታው።